የሸራው ጀርባ

የሥዕልን ጀርባ እንጂ ፊቱን እኔ አላውቅም፤
ስለ ቀለም ብትጠይቁኝ ነገር አላፈልቅም።
ጀልባ ሠሪ ነበርኩ። ጀልባው ሁሉ ዛሬ ፕላስቲክ ሲሆን
አራት እንጨት ማጋጠም ቀረኝ፣ ሸራ ወጥሮ የሚይዘውን።

ደሴታችን ዛፍ የላትም፤ ሣርና ድንጋይ፣ በግና ነፋስ፤
እንጨት ከቶርስሃቭን በመርከብ ነው፣ ወይ ማዕበል ተፍቶት ሲደርስ።
ስለዚህ አንዲት ጣውላ ለመቁረጥ ሦስት ጊዜ እለካለሁ፣
ሰጋቱራውን እንኳ ሳይቀር በጆንያ አኖራለሁ።

ሄርቦርግ ሰኞ ሰኞ ትመጣለች፣ የአባቷን ካፖርት ለብሳ፤
ጥፍሯ ሥር ሰማያዊ፣ ክርኗ ላይ የትናንት ደመና ጠባሳ።
ተልባ ዘይት ትሸታለች፣ ተርፐንታይንና የበግ ሱፍ፤
"ስምንት ፍሬም" ትላለች፣ "ዋጋውን ግድግዳህ ላይ ጻፍ።"
ግድግዳዬ ላይ በጠመኔ ዕዳዋ ረድፍ ረድፍ ይወርዳል፤
እሷ እንኳ "ጥሩ ሥዕል ነው" ትላለች፣ "መስመሩ ልብ ይወስዳል።"

አንድ ቀን ተከትያት ወጣሁ፣ ከገደሉ አፋፍ በላይ፤
የሸራ ማቆሚያዋን በድንጋይ ጫነች፣ ነፋስ እንዳይወስደው ወደ ሰማይ።
እኔ ግራጫ ብቻ አየሁ። እሷ ግን ጥቁር ቀለም የላትም፤
"ጥቁር ገዝቶ ጉም የሚሥል ሰው፣ ጉም ውስጥ ገብቶ አያውቅም።"
ሰማያዊውን ከተቃጠለ አፈር ጋር በቢላዋ እያሸች
ሰባት ዓይነት ግራጫ አወጣች፣ ለአንዱም ስም አልሰጠች።

"መጀመሪያ ስስ ነው" አለችኝ፣ "ቅባቱ ኋላ ይመጣል፤
ስቡን ከሥር ያስቀደመ፣ ዓመት ሳይሞላ ይሰነጠቃል።"
"ይህንማ ከአባቴ ሰምቻለሁ፣ ለጀልባ ቀለም" አልኳት።
አልሰማችኝም፤ ብርሃን መጥቶ ከመሐላችን ነጠቃት።

አራት ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ፀሐይ ጉሙን ቀድዳ የቆየች፤
ባሕሩ እንደ ዓሣ ሆድ በራ። እሷ ጎንበስ ቀና እያለች
በሰፊ ብሩሽ፣ በጨርቅ፣ በመጨረሻም በአውራ ጣቷ
ያዘችው። ዝንብ ተጣበቀችበት። "ትቆይ፣ ምስክር ናት እሷ።"

ማታ አምፖል ሥር አየችውና "ውሸት ነው" ብላ ፋቀችው፤
የቀኑን ድካም በቢላዋ ጠቅልላ ጋዜጣ ላይ ጠረገችው።
ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ዝንቧም አብራ ሄደች።
"ነገም ብርሃን አለ" አለች፣ ብሩሿን በሳሙና እያጠበች።

ወንድሜን ሃኑስን ባሕር ሳይበላው ሳል በላው በጥቅምት፤
ጀልባው ከቤቴ ጎን ቀረች፣ ተጋድማ፣ ዝናብ እየሞላባት።
የሚገዛት ጠፋ፤ ለማገዶ የሚጠይቅ ግን ብዙ ነበር፤
እኔው የሠራኋትን እኔው ፈታኋት፣ ሚስማር በሚስማር።

ሄርቦርግ መጥታ ቆመች። "አይዞህ" አላለች፣ ሰላምም አላለች፤
ጣውላውን አሸተተች፣ ሬንጁን በጥፍሯ ነካ አደረገች።
"ከዚህ ሥራልኝ፤ ሬንጁን አትላገው፤ ወርዱ ይሁን እንደ በርህ።"
"ይጣመማል" አልኩ።
                    "ይጣመም" አለች፤ "ባሕር ቀጥ ብሎ የት አየህ?"

ጨለማውን ወራት ሁሉ ሠራችው። ቀለሙ እስኪደርቅ ስትጠብቅ
ሹራብ ትሠራለች፤ "ዘይት አይቸኩልም" ትላለች፣ "እንደ ዕርቅ።"

ሲያልቅ ጠራችኝ። ባሕር ነው። ሌላ ነገር የለበትም፤
ጀልባ የለም፣ ሰው የለም፣ ወፍ እንኳ አላለፈበትም።
ከዚያ ገልብጣ አሳየችኝ፤ የሃኑስ ጀልባ የሚስማር ቀዳዳዎች፣
ሬንጁ፣ የመጥረቢያዬ ምልክት፣ በእርሳስ የጻፍኳቸው ቁጥሮች።
ከፊት ባሕሩ፣ ከኋላ ጀልባዋ፤ በመሐል ሸራ፣ ያውም ስስ።
ቤቴ ገብቼ ዕዳዋን በእጅጌዬ አበስኩት። እስከ ግማሹ ድረስ።

ኮፐንሃገን ያለ የጥርስ ሐኪም ገዛው። ከርሞ ደብዳቤ ላከ፦
"ዝናብ ሲመጣ እንጨቱ ይጣመማል፣ ግድግዳዬን እያከከ፤
በደህና እንጨት ይቀየርልኝ፤ ወጪውን እኔ እችላለሁ።"
መልሱን ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። እኔ ጽሑፍ የት አውቃለሁ።
በመጨረሻ "ጌታዬ፣ አይቀየርም" አልኩት፣ "እንጨቱ ጤና ነው፤
ማዕበል ሲሸተው ብድግ ይላል። የቆየ ልማዱ ነው።"